ጉዳት የሌለው ውሃ

ሰሎሜ ጠና ወንድሟን ያሳደገችው በሁለት መርፌ ነው፤ አንደኛው የልብስ፣ ሁለተኛው የኢንሱሊን።

ነገሩ የጀመረው በተወለዱባት በፎንቆ ነው፣ አባታቸው ከሞቱ በኋላ። ማቲዎስ ያኔ ገና ልጅ ነበር። ውሃ ቢጠጣ የማይረካ፣ እየበላ የሚከሳ፣ በትልቅነቱ ፍራሽ የሚያረጥብ ሆነ። እናታቸው ገነቴ ወስፋት ነው አለች፤ ጎረቤት ዓይን ነው አለ። አንድ ጠዋት ሰሎሜ ልትቀሰቅሰው ብትነቀንቀው አልነቃ አላት። ትንፋሹ ሩቅ መንገድ እንደሮጠ ሰው ጥልቅና ፈጣን ነበር፤ ከአፉ የሚወጣውም ሽታ የበሰበሰ ሙዝ ይመስላል። አዝላው አስፋልቱ ድረስ ሮጠች፤ ያገኘችውን የጭነት መኪና አስቁማ ሆሳዕና ሆስፒታል አደረሰችው። ልጁ ተረፈ። ሐኪሙ ግን እናትና ልጅን አስቀምጦ በግልጽ ነገራቸው።

“የዚህ ልጅ ሰውነት ኢንሱሊን መሥራት አቁሟል። ስለዚህ ከውጭ እንሰጠዋለን። ከተሰጠው እንደ ማንም ሰው ያድጋል፣ ይማራል፣ ያገባል። ከተቋረጠበት ይሞታል። በሁለቱ መሃል ሌላ መንገድ የለም።”

ገነቴ መርፌ ስታይ ፊቷን የምታዞር ሴት ናት። ስለዚህ መርፌውን የተማረችው ሰሎሜ ሆነች። ትምህርቷን አቋርጣ፣ ወንድሟን ይዛ፣ ለሆስፒታሉ ቅርብ ለመሆን ሆሳዕና ገባች። ገበያው አጠገብ ጠባብ ክፍል ተከራይታ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ጀመረች። ጠዋትና ማታ የልጁን ክንድ በጥጥ ጠርጋ ትወጋዋለች፤ በመሃል ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች። ፍሪጅ ስላልነበራት መድኃኒቱ የሚቀመጠው ከጎኗ ባለው የትርፊት ሱቅ፣ ከለስላሳ ጠርሙሶቹ ኋላ ነበር። ትርፊት ሱቁን ከአባቷ የወረሰች፣ ጠና ያለች የጉራጌ ሴት ናት፤ መብራት ሲጠፋ ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ጥላ ውስጥ ታኖርላቸዋለች እንጂ አንድም ቀን ሰለቸኝ ብላ አታውቅም።

ሰሎሜ ቁጡ ናት ይባላል። እውነት ነው። አንድ ጊዜ የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ “ኢንሱሊን አልገባም፣ ሌላ ቀን ተመለሺ” ሲላት በሩ ላይ ተቀምጣ፣ “ልጁን ሌላ ቀን ሙት ልበለው?” እያለች ስትጮህ ዋለች፤ ወደ ማታ ከሌላ ጤና ጣቢያ ተፈልጎ መጣላት። ሰዎች ይህን እየተሳሳቁ ያወሩታል። እሷ ግን አንድም ቀን ስቃበት አታውቅም።

ማቲዎስ አደገ። መርፌውን ከእህቱ እጅ ተቀብሎ ራሱን መውጋት ያዘ። ስልክ ጥገና ተማረና አነስተኛ ሱቅ ከፈተ፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ይጫወታል። ጨዋታ አዋቂ ነበር። ኢንሱሊኑን “ቻርጅ” ይለዋል። “እትዬ ትርፊት፣ ቻርጅ ልሰካ መጣሁ” እያለ ፍሪጁን ይከፍታል። ሰሎሜ የሒሳብ መምህር የሆነውን ሆሴዕን ስታገባም የሠርጉ ቀን ወንድሟን ፎቶግራፍ መሃል አቁማ፣ “ይሄ የመጀመሪያ ልጄ ነው፤ ከኛ ጋር ይኖራል” አለች። ሆሴዕ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ነገሩን ገና ለጋብቻ ሳይጠይቃት ያውቀው ስለነበር ራሱን ነቀነቀና ሳቀ።

ከዚያ ሐዳሳ መጣች። የሺንሺቾ ልጅ ናት፤ ሆሳዕና ኮሌጅ ስትማር የተሰበረ ስልኳን ልታሠራ ሄዳ ነው የተዋወቁት። ማቲዎስ ስልኩን ሆን ብሎ እያዘገየ ደጋግሞ አመላለሳት፤ እሷም ገብቷት ተመላለሰች። ሲዋደዱ ቆዩና ሽማግሌ ለመላክ ሲታሰብ የሐዳሳ አባት ጠየቁ፤ አጣሩ፤ ሰሙ።

“በመርፌ የሚኖር ሰው ልጄን እንዴት አድርጎ ያኖራታል?” አሉ።

ይህች ንግግር ማቲዎስ ጆሮ ደረሰች። ከዚያ ወዲያ “ቻርጅ” ማለቱን ተወ። ፍሪጁን ሲከፍት ዞር ዞር ብሎ የሚያየው ሰው መኖሩን ማረጋገጥ ጀመረ። ሰሎሜ ነገሩን አይታ፣ “እኔ ራሴ ሺንሺቾ ሄጄ ሰውዬውን አነጋግራለሁ” አለችው። “ተይ ሶሊ” አላት፤ “አንቺ ካነጋገርሻቸውማ ጭራሽ አይሰጡኝም።”

በዚያው ሰሞን ዋናው መንገድ ላይ አዲስ ታፔላ ወጣ፤ “ንጹህ ደም የተፈጥሮ ጤና ማዕከል” ይላል። ባለቤቱ ታዴዎስ ይባላል። ነጭ ጋዋን ይለብሳል፤ ሰዎች ዶክተር ይሉታል፤ የት ተምሮ ዶክተር እንደሆነ የጠየቀው የለም። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ የሰውን እጅ በሁለት እጁ ይይዛል፤ የሆስፒታል ሰልፍ ያንገሸገሸው ሁሉ እሱ ጋ ተቀምጦ ሆዱን ያራግፋል። የማዕከሉ ዋና ነገር ግን ማሽኑ ነበር። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ይደረጋል፤ ጨው ይነሰነስበታል፤ ከኤሌክትሪክ ጋር የተያያዘ ጥቅል ብረት ይገባበታል፤ ታማሚው እግሩን ይነክራል። ትንሽ ሲቆይ ውሃው ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ጥቁር ወደመሆን ይሄዳል። “ይኸውልህ፣ ከደምህ የወጣ መርዝ” ይላል ታዴዎስ። ሰውም ውሃውን እያየ ይገረማል። ከዚያ ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ የታሸገ ጭማቂ ይሰጣል። ጠርሙሱም ታፔላውም ግድግዳውም ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አለ፤ “ምንም ዓይነት ጉዳት የለውም።”

ትርፊት ለጉልበቷ ሄዳ ደስ ብሏት ተመለሰች። እንዲያውም ማሽኑን ገዝታ ቤቷ አስገባች። ማቲዎስን ያበረታታችውም እሷ ነበረች።

ሰሎሜ ስትሰማ መቀሷን አስቀመጠች። “ኢንሱሊንህስ?”

“ኢንሱሊኔንማ እወስዳለሁ፤ ይሄ ተጨማሪ ነው።”

“ተጨማሪ ለምን አስፈለገ?”

“ተይው እንጂ ሰሎሜ” አለ ሆሴዕ ከወንበሩ ሳይነሳ፤ “እግሩን ውሃ ውስጥ ቢነክር ምን ይጎዳዋል?”

ይህን ያላለ ሰው አልነበረም። የመዘምራን ጓደኞቹም፣ ትርፊትም፣ ከፎንቆ የደወለችው ገነቴም፣ ሁሉም በየፊናቸው ምን ይጎዳዋል አሉ። እሷም ከእግር መታጠብ ጋር የምትጣላበት ምክንያት አጥታ ተወችው።

ያላወቀችው ታዴዎስ ለማቲዎስ ለብቻው የነገረውን ነው። በሩን ዘግቶ፣ እጁን ይዞ፣ “ወንድሜ፣ ቆሽትህ አልሞተም፤ ተኝቷል” ብሎታል። “ሥራውን መርፌው ቀምቶት ነው የተኛው። መርፌውን እየቀነስክ ስትሄድ ይነቃል። ብዙ ሰው ነቅቶለታል። ለቤተሰብ ግን አትንገር፤ በፍርሃታቸው እምነትህን ይሰብሩብሃል።” ማቲዎስ ይህን ለሐዳሳ ብቻ በስልክ ነገራት። “ለሽምግልናው ጊዜ ነጻ ሰው ሆኜ እመጣለሁ” አላት። ፈራች፤ ግን ደስ ያለው ድምፁን ከሰማች ቆይታ ስለነበር አብራው ደስ አላት።

መስከረም ገባ። ሰሎሜና ሆሴዕ የሀዲያን ዘመን መለወጫ፣ ያሆዴን፣ ከእናቷ ጋር ለማክበር ፎንቆ ሄዱ። ማቲዎስ የመዝሙር ልምምድ አለብኝ ብሎ ቀረ። በዓሉ ሲጠናቀቅ፣ ገና ከእናታቸው ቤት ሳይወጡ፣ ረፋዱ ላይ ትርፊት ደወለች።

“ሰሎሜ፣ ማቲን አየሁት” አለች። “የታሸገ ውሃ ሊገዛ መጥቶ እዚሁ ቆሞ ጨረሰው፤ ደግሞ ሌላ ጠየቀ። መልኩ ልክ አይደለም። ሐኪም ቤት ሂድ ብለው ወደዚያ ማዕከል ሄደ። ደግሞ … መድኃኒቱን ከፍሪጅ ካነሣ ቆይቷል። እኔ ድኖ መስሎኝ እኮ ነው።”

ሰሎሜ ነጠላዋን እንኳ አላነሣችም። መኪና እስኪገኝ አስፋልቱ ላይ ስትንቆራጠጥ ሆሴዕ ተከትሏት ደረሰ።

የማዕከሉ በር ላይ ጫማዎች ተደርድረዋል፤ ውስጥ ለስለስ ያለ መዝሙር ተከፍቷል። ማቲዎስ ወንበር ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ተደግፏል፤ እግሮቹ ሳፋው ውስጥ ናቸው። ውሃው የዛገ ቆርቆሮ የታጠበበት ይመስላል። ጉንጮቹ ገብተዋል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ አጠገቡ ያስመለሰበት ባልዲ አለ። ደረቱ ሲወጣና ሲወርድ ከሩቅ ይታያል። ጎንበስ ስትልበት ያ የልጅነቱ ሽታ፣ የበሰበሰው ሙዝ፣ አፍንጫዋን መታት።

“መርፌህን የወሰድከው መቼ ነው?”

ማቲዎስ ዓይኑን ወደ ታዴዎስ መለሰ።

“እህት ሰሎሜ፣ ተረጋጊ” አለ ታዴዎስ በዚያው ለስላሳ ድምፁ። “ይሄ የሚጠበቅ ነው። ሰውነቱ ለዓመታት ያጠራቀመውን ኬሚካል እያስወጣ ነው። ማስመለሱ የመዳን ምልክት ነው። አሁን ካቋረጥሽው ግን ትጎጂዋለሽ።”

“እኔ? እኔ ነኝ የምጎዳው?”

ሳፋውን በእግሯ መትታ ገለበጠችው። ቡናማው ውሃ ነጩን ንጣፍ ሸፈነው፤ ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተነሡ። ሆሴዕ ማቲዎስን ታቅፎ ወጣ። ባጃጅ ውስጥ ራሱን እህቱ ጭን ላይ አድርጎ፣ በትንፋሹ መሃል እየቆራረጠ፣ “ሶሊ … ለሽምግልናው … ነጻ እሆናለሁ ብዬ ነው” አላት። “ዝም በል፣ ትንፋሽህን አታባክን” አለችው። ለወንድሟ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ይሄ ሆነ። ከዚያ ወዲያ አልነቃም።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሲስተር አቢጋኤል ነበረች፤ ማቲዎስን ከልጅነቱ ጀምሮ የምታውቀው ነርስ። በደም ሥር የሚገባውን ፈሳሽ፣ ኢንሱሊኑን፣ ያላቸውን ሁሉ ሰጡት። ሌሊቱን ሁሉ ታገሉለት። ጠዋት ላይ ዶክተሩ ወጥቶ መጀመሪያ የጠየቀው፣ “ኢንሱሊኑን አቁም ያለው ማን ነው?” ብሎ ነው። ሰሎሜ ከጥያቄው የወንድሟን መሞት አወቀች። አቢጋኤል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጓንቷን ልታወልቅ ትታገላለች፤ ጓንቱ አልወልቅ አላት።

ለቅሶው ፎንቆ ሆነ። ሐዳሳ ከሺንሺቾ መጥታ ከሰሎሜ ጎን ተቀመጠች፤ ማቲዎስ በስልክ የነገራትን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ቆሽትህ ተኝቷል ማለቱን፣ ለቤተሰብ አትንገር ማለቱን። ሰሎሜ ይህን እየሰማች አላለቀሰችም። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ታዴዎስ ራሱ ጥቁር ኮት ለብሶ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። የገነቴን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። “እግዚአብሔር ያጽናሽ እናቴ። እኛ ጋ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ያ ሁሉ ዓመት የወሰደው መርፌ ውስጡን ጨርሶት ነበር” አለ።

ሰሎሜ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

“የእናቴን እጅ ልቀቅ” አለች።

“እህቴ፣ ሐዘን ላይ ነሽ …”

“እጇን ልቀቅ አልኩህ! ያ መርፌ ነው አሳድጎ ለዚህ ያበቃው። እኔ ነኝ ስወጋው የኖርኩት። አንተ ጋ በእግሩ መጥቶ በሰው እቅፍ ወጣ። አሁን ደግሞ መርፌው ነው ልትል ለቅሶው ላይ መጣህ? ውጣ!”

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በመሃል ገቡ። አንዱ፣ “የጌታ ፈቃድ ሆኖ ነው፣ ተይ ልጄ” አላት። እሷም ወደ እሱ ዞራ፣ “የታዴዎስን ሥራ ጌታ ላይ አታላክኩ” አለች። ይህ ብዙ ሰው አስቀየመ። ታዴዎስ አንገቱን ደፍቶ እንደ ተበደለ ሰው ወጣ፤ ያሳዘናቸውም ነበሩ።

ሐዘኑ ሳይወጣ የጤና ቁጥጥሩ መሥሪያ ቤት ሄዳ አመለከተች። ተቆጣጣሪዋ ሊሻን የምትባል ወጣት ሴት ናት፤ በጥሞና ሰማቻት፤ ማዕከሉ ድረስ ሄዳ ጭማቂውንና የሳፋውን ውሃ ለምርመራ አስወሰደች። ሰሎሜ ጠበቀች። ስፌቷ ይበላሽባት ጀመር፤ የአንዱን ተማሪ እጅጌ ለሌላው ገጥማ እንደገና ትፈታዋለች። ማታ ማታ ሆሴዕ ሊያጽናናት ሲሞክር፣ “ምን ይጎዳዋል አልክ” ትለዋለች። አንድ ቀን እሱ፣ “አልኩ። እስክሞት አልረሳውም” አላት። ከዚያ በኋላ እሱን መውቀስ ተወች።

የምርመራው ውጤት መጣና ተጠራች።

“ጭማቂው ጎመን፣ ሎሚና ስኳር ነው። ውሃውም ውሃ፣ ጨውና የብረት ዝገት ነው” አለች ሊሻን። ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። “ጉዳት የሚያደርስ ነገር አልተገኘበትም።”

“ስኳር?” አለች ሰሎሜ። “ለስኳር በሽተኛ ስኳር?”

“መጠኑ ትንሽ ነው … ሰሎሜ፣ እኔም አልተዋጠልኝም። ግን መርዝ ቢገኝበት ዛሬውኑ አሽገው ነበር። ፈቃዱ የማሳጅና የውበት አገልግሎት ነው የሚለው። መርፌ አቁም ማለቱን ደግሞ በጽሑፍ አልሰጠውም። እሱ አላልኩም ይላል።”

“ወንድሜ ሞቷል እኮ!”

“ወንድምሽን የገደለው የስኳር በሽታው ነው ይላሉ፤ ውሃው አይደለም።”

ሰሎሜ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። “ውሃው መርዝ ቢሆንማ ይሻል ነበር! መርዝ ቢሆን አቅለሽልሾት ይተወው ነበር። ምንም ስለማያደርግ ነው ተማምኖበት የተቀመጠው! ጉዳት የለውም፣ ጉዳት የለውም እያላችሁ፣ መድኃኒት የሚወስድበትን ጊዜ እዚያ ሳፋ ውስጥ አስቀምጣችሁ ጨረሳችሁት!”

ሰሎሜ ስትወጣ ሊሻን በሩ ድረስ ተከትላት፣ “ምስክር አምጪልኝ” አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ። “መድኃኒት አቁም ሲል የሰማ፣ ስሙን የሚያስመዘግብ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ካገኘሁ እኔ አልተኛም።”

ሰሎሜ ቤቷ ስትደርስ ትርፊት የራሷን ማሽን በካርቶን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ከማቲዎስ ሞት ወዲህ ዓይን ለዓይን መተያየት ከብዷቸው ነበር።

“ልጥለው ነው” አለች ትርፊት። “ግን አንቺ ትሰባብሪው እንደሆን ብዬ አመጣሁልሽ።”

ሰሎሜ ካርቶኑን ተቀብላ ማሽኑን አወጣችው። መዶሻ ፈለገች፤ ከዚያ ግን ሐሳቧን ለወጠች። ሊሻን “የብረት ዝገት” ያለችው ጆሮዋ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ሳፋ አምጥታ ውሃ ቀዳች፤ ጨው ነሰነሰች፤ ብረቱን ከትታ ሶኬቱን ሰካች።

“እግርሽን ልትነክሪ ነው?” አለች ትርፊት ደንግጣ።

“አይደለም። ማንም አይነክርም።”

ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለው ባዶውን ውሃ ማየት ጀመሩ። ብረቱ ዙሪያ አረፋ ታየ። ውሃው ቢጫ ሆነ። ከዚያ ቡናማ ሆነ። እየጠቆረ ሄዶ ታች ላይ ዝቃጭ ተኛ። ትርፊት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ክረምቱን ሙሉ ከጉልበቷ የወጣ መርዝ ነው ብላ ለሰው ሁሉ ስታሳይ የከረመችው ይህንኑ ነበር።

“እኔ ነኝ የላክሁት” አለች በመጨረሻ። “ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ።”

ሰሎሜ ሶኬቱን ነቀለች። “እትዬ ትርፊት፣ ለቅሶውን ሌላ ጊዜ እናለቅሳለን። ሰውዬው አሁን የት ነው ያለው?”

ታዴዎስ ያን ሰሞን በየከተማው እየዞረ ሰው ሰብስቦ ያሳይ ነበር። በገበያ ቀን ሀደሮ ከተማ ውስጥ አዳራሽ መከራየቱን ሰሙ። ሰሎሜ፣ ሆሴዕና ትርፊት ሄዱ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ገበያ ውለው ዕቃቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀመጡ ገበሬዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሌዎች። መድረኩ ላይ ሳፋው ተቀምጧል። ታዴዎስ ማይክ ይዞ፣ “ሆስፒታል ተስፋ የቆረጠባችሁ፣ ኪኒን የሰለቻችሁ” እያለ ይናገራል። ከዚያ፣ “እግሩን የሚነክር ፈቃደኛ?” ሲል ሰሎሜ ከኋላ ተነሥታ በወንበሮቹ መሃል አለፈች። መድረኩ ላይ እስክትወጣ አላወቃትም። ሲያውቃት ማይኩን ዝቅ አደረገው።

“ክፈተው” አለችው።

“እህቴ፣ ቦታው አይደለም …”

“እግሬን አልነክርም። ማንም አይነክርም። ውሃው ባዶውን ይሁን። ክፈተው።”

“ያለ ሰው አይሠራም” አለ ፈጠን ብሎ።

“የማይሠራ ከሆነ ምን አስፈራህ?” ብላ ወደ ሰዉ ዞረች። “እኔ የሆሳዕና ልብስ ሰፊ ነኝ። ወንድሜን ማቲዎስን ቀብሬ ነው የመጣሁት። ይሄ ሰው ከደምህ መርዝ እያወጣሁ ነው አለው። እስቲ ሰው የሌለበት ውሃ ምን እንደሚሆን አብረን እንይ።”

ከፊት ያሉት “ክፈተው! ክፈተው!” ማለት ጀመሩ። ታዴዎስ ረዳቱን በዓይኑ ጠቀሰው፤ ረዳቱ ሶኬቱን ሊነቅል ሲሄድ ሆሴዕ፣ ያ ረጋ ያለ መምህር፣ ሶኬቱ ያለበትን ግድግዳ በጀርባው ከልሎ ቆመ። ሰሎሜ ማብሪያውን ራሷ ተጫነችው። ኋላ ያሉት ወንበር ላይ ወጡ። ውሃው ቢጫ ሲሆን አንዲት ሴት “ዋይ!” አለች። ቡናማ ሲሆን ጫጫታው ጣሪያውን ነካ።

“ይህ … ይህ በአየሩ ያለው ብክለት ነው” አለ ታዴዎስ። አንዱ ገበሬ በከምባትኛ አንድ ነገር ጣል አደረገ፤ ግማሹ አዳራሽ ሳቀ።

“አትሳቁ!” ብላ ጮኸች ሰሎሜ። “እኔ ለሣቅ አልመጣሁም። ይህ ውሃ ወንድሜን አልመረዘውም። ተመርምሯል፤ ዝገትና ጨው ነው። በዚህ ውሃ እግራችሁን ብትታጠቡ ምንም አይላችሁም። ግን ይሄ ሰው ውሃውን አሳይቶ መድኃኒትህን አቁም አለው። የስኳር መድኃኒት፣ የግፊት መድኃኒት፣ የምንም መድኃኒት አቁም ያለው ሰው ካለ እዚሁ ይናገር!”

ማንም አልተናገረም። ትርፊት መድረኩ ሥር መጥታ ስለ ጉልበቷ መናገር ብትጀምርም ድምጿ በጫጫታው ተዋጠ። የተናደዱ ነበሩ፤ የወጡ ነበሩ። ተቀምጠው የቀሩም ነበሩ። አንድ ጣቶቻቸው የተጣመሙ ሽማግሌ ሰሎሜን በቁጣ፣ “እሺ፣ ይህንን አፈረስሽ። የኔን እጅ ማን ያድነኛል? ሐኪም ቤቱ የሚሰጠኝ ቀጠሮ ብቻ ነው” አሏት። ይህ ጥያቄ እስካሁንም ሲነሣ ያንገበግባታል።

ውጭ ላይ ግን አንዲት እናት ጥግ ይዛ ጠራቻት። ልጇን ኪያን በእጇ ይዛለች፤ የልጅቷ ግንባር ላይ ትኩስ ጠባሳ አለ። ልጅቷ የሚጥል በሽታ አለባት። በኪኒኗ ደህና ከርማ ነበር። ታዴዎስ ኪኒኑ ጭንቅላቷን ያደነዝዘዋል ብሎ አስቆማት፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጥሏት እሳት ዳር ወድቃለች።

“ይሄንን ስምሽን ሰጥተሽ ትናገሪያለሽ?” አለቻት ሰሎሜ።

ሴትዮዋ አመነታች። ልጇን አየች። “እናገራለሁ” አለች። “መጀመሪያ ግን ኪኒኑን መልሳ የምትጀምርበትን አሳዪኝ።” በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አብረው ሄዱ።

ሊሻን እንዳለችው አልተኛችም። የኪያ እናትና ሐዳሳ ቃላቸውን ሰጡ፤ ሌሎች ሁለት ሰዎችም ተጨመሩ። የሆሳዕናው ማዕከል ታሸገ፤ ታዴዎስ ላይ ክስ ተመሠረተ። በዋስ ወጣ። በወጣ በሳምንቱ ሽማግሌዎች ላከባት። መሪያቸው አቶ ተገኘ፣ በአካባቢው የተከበሩ ጡረተኛ ናቸው። ሰሎሜ ወንበር አቀረበችላቸው፤ ሻይ አቀረበች።

“ልጄ፣ ሰውዬው ሆን ብሎ አልገደለም” አሉ አቶ ተገኘ። “እሱም አምኖበት ነው። ይቅርታ ሊጠይቅሽ ይፈልጋል። አንቺም ክሱን ተይለት፤ በየከተማው ስሙን ማንሣቱም ይብቃሽ። ለእግዚአብሔር ተይው።”

“ለእግዚአብሔርማ ትቼዋለሁ፣ ጋሼ” አለች ሰሎሜ። “ለታዴዎስ ነው ያልተውኩት። ይቅርታ የሚጠይቀኝ ምን አድርጌያለሁ ብሎ ነው?”

“አጥፍቻለሁ ይላል።”

“ምን አጥፍቷል? አዳራሽ ይከራይ፤ እንደዚያን ቀኑ ማይክ ይያዝ። ኢንሱሊን አቁም ብዬዋለሁ፣ ውሸቴን ነበር፣ መድኃኒታችሁን አትተዉ ይበል። ይህን ያለ ቀን እግሩ ላይ ወድቄ ይቅር እለዋለሁ።”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ተገኘ ስልካቸውን ይዘው ወደ ግቢው ወጡ፤ ቆይተው ተመለሱ። ፊታቸው ተለውጧል።

“እንዲህ ብሎ በአደባባይ ካወራ ሥራው አለቀ ማለት ነው ይላል” አሉ፤ እሳቸውም የተናደዱ መሰሉ። የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጡ። “እኔ ለዚህ አልመጣሁም። ልጄ፣ እንደ ጀመርሽው ግፊበት።” ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ጉዳዩ አሁንም ፍርድ ቤት ነው፤ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይደራረባል። ታዴዎስ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ስም፣ ከወንድሙ ልጅ ጋር ሊከፍት ነው የሚል ወሬ አለ። ሐዳሳ ትምህርቷን ጨርሳ ሺንሺቾ ተመልሳለች፤ አባቷ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ሰሎሜ አጠገብ ጥቂት ተቀምጠው ሄዱ። ሰሎሜ ዩኒፎርሟን ትሰፋለች። ደንበኛ ቁጭ ብሎ ሲጨዋወት፣ እገሌ የሚባል ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይሰጣል፣ ባይጠቅምም አይጎዳም ሲል ስፌት መኪናው ይቆማል። ያቺ ቃል ከሱቋ እንድትወጣ አትፈቅድም። ያለ ምንም ማለሳለስ፣ ሰውዬው ጨርቁን ይዞ ቢሄድባትም እንኳ፣ “ተቀመጥና ስማ” ትለዋለች፤ ከፎንቆ ጀምራም ትነግረዋለች።